ለነጻነት ታግሎ የሰው አገር ከንቲባ የሆነው ኩባዊ

የኪዮስኩ ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን አንድ ሰው ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ አልወጣ ብሎኛል። ለብቻዬ ከማብሰለስለው እዚህ ላውጣው ብዬ ነው። ፈርናንዶ ፊጌሬዶ ይባላል፣ ኩባዊ ነው። የኩባን የነጻነት ትግል መሪ ሆሴ ማርቲን ሁሉም ያውቀዋል፣ ጄኔራሉን ማሴዮንም ቢያንስ በስም። ይሄን ግን የሚያነሳው የለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትጨቀጭቁኝ።)

ባጭሩ በ1846 ካማጉዌይ ተወለደ፣ ባያሞ አደገ። አሜሪካ ሄዶ ምህንድስና ሲማር ቆየና በ1868 ሴስፔዴስ የተባለው የአማጺዎቹ መሪ በስፔን ላይ ሲነሳ ደብተሩን ጥሎ ጫካ ገባ። ዐሥር ዓመት እዚያው። የሴስፔዴስ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። በመጋቢት 1878 ባራጉዋ በተባለ የኩባ ቦታ ላይ ማሴዮ የስፔኑን ጄኔራል ማርቲኔስ ካምፖስን ፊት ለፊት «አንግባባም» ሲለው እሱም እዚያ ነበር። የዚያን ቀን ነገር በዝርዝር የምናውቀው እሱ ጽፎ ስላቆየልን ነው። ከዚያ ጦርነቱ ከሰመ፣ ሰውየውም ተሰደደ።

የተሰደደው ካዮ ዌሶ ነው፤ አሜሪካኖች ኪ ዌስት የሚሏት፣ የፍሎሪዳ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት። ከኩባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ታዲያ ይሄ ጫካ ለጫካ የኖረ ሰው በ1885 የፍሎሪዳ ምክር ቤት ውስጥ ተመርጦ ቁጭ አለላችሁ! በ1895 ደግሞ እዚያው ፍሎሪዳ ያለችው የዌስት ታምፓ የመጀመሪያው ከንቲባ ሆነ። 1895 ማለት እኮ ኩባ ውስጥ ጦርነቱ እንደገና የፈነዳበት ዓመት ነው።

እና ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ አገሬን ነጻ አወጣለሁ ብሎ የማለ ሰው የሰው አገር ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ስለ ቦይና ስለ መንገድ ሲከራከር ዋናው ነገር አልተረሳም ወይ? እኔ መልስ አለኝ፣ ግን መጀመሪያ እናንተን ልስማ።

ጋሽ ቁጥብ
ጥያቄው ውስጥ መልሱ አለ እኮ ልጄ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የአማጺዎቹ ጦር አዛዥ ማክሲሞ ጎሜዝ በ1895 የ58 ዓመት ሰው ነበር፣ ግን በጀልባ ወደ ኩባ ተሻገረ። ማሴዮ ተሻገረ። ማርቲ እንኳ፣ ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ፣ ሕመምተኛ፣ የብዕር ሰው፣ ሄዶ ግንቦት 19 ቀን ዶስ ሪዮስ ላይ ወደቀ። ያንተ ሰውዬ ገና 49 ዓመቱ ነው፣ ዐሥር ዓመት የተዋጋ ነው፣ ጫካውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። እና የት ነበር? ከንቲባ ወንበር ላይ። ወንበር ይሞቃል፣ ከሞቀ በኋላ መነሳት ከባድ ነው። ይሄን እኛም አገር አይተነዋል፣ ስደት ላይም አይተነዋል፣ ዝርዝሩ ይቅርብኝ።

ደሴተኛዋ
ወይ ጉድ፣ ይሄን ስም እዚህ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እኔ ልጅ ሆነው ኩባ ከተላኩት ነኝ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ነው የተማርኩት። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ ለቀማ (ለማታውቁት፣ ያ መራራው ትልቁ የብርቱካን ዘመድ)። ደሴቷ ድሮ ኢስላ ዴ ፒኖስ ነበር ስሟ። ማርቲ በልጅነቱ ታስሮ ከተፈታ በኋላ በ1870 ያሳረፉት እዚያ ነው፣ ኤል አብራ የሚባል እርሻ ላይ። ለጉብኝት ወስደውን ያውቃሉ። እኔ ያኔ ትዝ የሚለኝ ጥላው ነው፣ እንዴት ደስ እንደሚል፣ ከቶሮንሃ ለቀማ ነጻ የሆነ ቀን ስለነበር ይሆናል።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ሌላ ነው። ታሪክ ክፍል ውስጥ ታምፓና ካዮ ዌሶ በጣም ስለሚነሱ እኔ ለረጅም ጊዜ የኩባ ከተሞች ይመስሉኝ ነበር! አንድ ቀን ካርታ ላይ ፈልጌ አጣኋቸው። መምህሯን ስጠይቃት ሳቀችና ጣቷን ወደ ሰሜን፣ ባሕሩን አሻግራ፣ አሜሪካ ላይ አደረገችው። «እነዚህም የኛ ናቸው» አለችኝ። ጋሽ ቁጥብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የማስበው ከዚያች ጣት ተነስቼ ነው። ለነሱ እኮ ያ የሰው አገር አልነበረም።

የኪዮስኩ ልጅ
@ደሴተኛዋ እግዜር ይስጥሽ፣ የኔን መልስ ግማሹን ተናገርሽው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን ፍሎሪዳ ውስጥ ለመምረጥ ዜግነት አያስፈልግም ነበር። ዜጋ የመሆን ሐሳብ አለኝ ብሎ ያስመዘገበ ወንድ ይመርጣል። ስለዚህ ከሃቫና ትናንት የመጣ ሲጋራ ጠቅላይ ወረቀቱን ሞልቶ፣ የሚጠበቅበትን ጊዜ ቆይቶ፣ ድምፅ ይሰጣል። ኪ ዌስት ደግሞ በ1890 ወደ 18,000 ሕዝብ ያላት፣ በፍሎሪዳ ከትልልቆቹ ከተሞች አንዷ ነበረች። ከሕዝቡ ትልቅ ክፍል ኩባዊ ነው። ሪፐብሊካንም ይሁን ዴሞክራት፣ ኩባዎቹን ሳይለማመጥ የሚያሸንፍ የለም። እነሱም ይሄን አውቀው ድምፃቸውን እየመዘኑ ነበር የሚሰጡት። የፕሬዚዳንት ግራንት መንግሥት ለኩባ ታጋዮች እውቅና አልሰጥም ሲል ብዙዎቹ ከሪፐብሊካን ዞር አሉ። ከፊጌሬዶ በፊት እንኳ፣ በ1870ዎቹ አጋማሽ፣ የኪ ዌስት ከንቲባ የሴስፔዴስ ልጅ ነበር። አዎ፣ የዚያው የሴስፔዴስ!

አሁን አስቡት። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ሌላ አገር ላይ ጦር ማዝመት በሕግ ክልክል ነው። መሣሪያ የጫነች ጀልባ ሌሊት ስትወጣ የሚያይ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት የሚቀመጥ ዳኛ፣ ወደብ ላይ የሚዞር ሹም ያስፈልጋችኋል፣ ቢያንስ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል። ይሄ ሰው የሚሾመው በማን ነው? በአካባቢ ፖለቲካ ነው። እና ለኔ ምክር ቤቱ ሌላ ዛፍ አይደለም፣ ያው የዛፉ ሥር ነው።

ሰባተኛው ወንበር
ስለ ፋብሪካው የተባለ ነገር ስለሌለ ልግባ። ይሄን ነገር ያለ ሲጋራው ፋብሪካ ማውራት ቡናን ያለ ጀበና ማውራት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ቅጠል ይጠቀልላሉ። እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮ ግን ነጻ ነው። መሐል ላይ ከፍ ያለ መቀመጫ አለ፣ እዚያ ላይ ሌክቶር የሚሉት አንባቢ ይቀመጣል። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ልብ ወለድ። ደመወዙን የሚከፍለው ባለቤቱ እንዳይመስላችሁ፣ ሠራተኞቹ ናቸው ከኪሳቸው አዋጥተው። ምን እንደሚነበብም የሚወስኑት እነሱ። አንድ ነገር ደስ ሲላቸው አያጨበጭቡም፣ ቅጠል የሚቆርጡበትን ቻቬታ የሚሉትን ጎባጣ ቢላ ጣውላው ላይ ይመታሉ። መቶ ሰው አንዴ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ አስቡት እስቲ። የፊጌሬዶ ባልደረባ የነበረው ሆሴ ዶሎሬስ ፖዮ ራሱ ሌክቶር ነበር፣ በኋላ በ1878 «ኤል ያራ» የተባለውን ጋዜጣ ኪ ዌስት ላይ አቋቋመ። ሌክቶር፣ ጋዜጠኛ፣ የፖለቲካ መሪ፣ ሁሉም አንድ ሰው።

መዋጮውም እዚያው ነው የሚሰበሰበው። በክፍያ ቀን ሰው ከሳምንቱ ገንዘቡ ላይ ይቆርጥና ይሰጣል፣ አንዳንዴ የአንድ ቀን ሙሉ ገቢውን። ሀብታም ዲያስፖራ እራት ላይ ተጋብዞ የሚሰጠው ገንዘብ አይደለም ይሄ። ፊጌሬዶም እዚያች ደሴት ላይ ከ1882 ጀምሮ ስለ ዐሥሩ ዓመት ጦርነት ተከታታይ ንግግር ያደርግ ነበር። ያ ንግግር ነው በ1902 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው። እና «ዛፍ ላይ ነበር» ሳይሆን «ዘር እየዘራ ነበር» ማለት ይቻላል። ቀን የሲጋራ ሠራተኛ፣ ማታ የጦርነት ተማሪ።

ጋሽ ቁጥብ
ንግግር፣ ጋዜጣ፣ መዋጮ፣ ጥሩ ነው። ይሄ ሁሉ ለከንቲባነቱ መልስ አይሆንም። ንግግር ለማድረግ ከንቲባ መሆን አያስፈልግም። ማርቲ ከንቲባ አልነበረም።

የታምፓ ሹፌር
እኔ እዚሁ ታምፓ ነው የምኖረው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት። መኪና ነው የምነዳው፣ በዌስት ታምፓ በሳምንት ስንቴ እንደማልፍ ቁጥር የለውም። እነዚያ ትልልቅ ቀይ የጡብ ሕንፃዎች የሲጋራ ፋብሪካ መሆናቸውን ራሱ የነገረኝ አንድ ተሳፋሪ ሽማግሌ ነው። ኢቦር ሲቲ የሚባለው የታምፓ ሰፈር ደግሞ ለማርቲ መታሰቢያ የሆነች ትንሽ መናፈሻ አለች። ቦታው የፓውሊና ፔድሮሶና የባሏ የሩፔርቶ ቤት የነበረበት ነው፣ ጥቁር ኩባዎች። በ1892 መጨረሻ ማርቲን ሊመርዙት ሞክረው ታሞ ሲተኛ ያስታመሙት እነሱ ናቸው። ባልየው ከበሩ ላይ ይጠብቀው ነበር ይባላል።

እና እዚህ አካባቢ ስለ ፊጌሬዶ የሚወራ አንድ ወሬ አለ። የአመፁ ትእዛዝ ኒው ዮርክ ተፈርሞ ወደዚህ መጣ፣ ከዚያ ዌስት ታምፓ ኦሃሎራን ፋብሪካ ውስጥ ሲጋራ ውስጥ ተጠቅልሎ ወደ ሃቫና ተላከ። ፊጌሬዶም ነገሩ ውስጥ ነበረበት ይላሉ። እውነት ነው እንዴ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ለተሳፋሪ የማወራው ነገር ልጨምር።

የኪዮስኩ ልጅ
ትእዛዙ እውነት ነው። ጥር 29 ቀን 1895 ኒው ዮርክ ላይ ማርቲ፣ ማይያ ሮድሪጌስና ኤንሪኬ ኮያሶ ፈረሙት። ሃቫና ላለው የአመፁ አስተባባሪ ለሁዋን ጓልቤርቶ ጎሜዝ ነው የተላከው። የካቲት 24 ደግሞ አመፁ ፈነዳ። ሲጋራው ግን፣ እንግዲህ፣ የታምፓ ሰው የሚያምነው ታሪክ ነው፣ በጣምም ይወደዋል። አንዱ ሲጋራ በመልክ እንዳይለይ ከሌሎች ጋር ተደረገ፣ አጓጓዡም ለጉምሩክ ሹሞች ከሌሎቹ አካፈላቸው ይባላል። እኔ ሐቅ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ሲጋራ ጠቅላዮች የአብዮቱን ወረቀት ሲጋራ ውስጥ ጠቀለሉት የሚል ታሪክ ባይኖር እንኳ አንድ ሰው ይፈጥረው ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

ሰነድ ፈላጊ
ሁላችሁም ፊጌሬዶ ለምን ኪ ዌስትን ትቶ ታምፓ እንደሄደ አልፋችሁታል። እኔ ግን ክርክራችሁ የሚፈታው እዚያ ይመስለኛል።

በ1893 መጨረሻ ኪ ዌስት የሚገኘው የሳይደንበርግ ሲጋራ ፋብሪካ ስፔናውያን ሠራተኞችን አስገባለሁ አለ። ኩባዎቹ ሥራ አቆሙ። ለነሱ ስፔናዊ ማለት የጠላት ወገን ነው፣ ደሴቷም የነሱ ምሽግ ናት። ታዲያ የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ምን አደረጉ? ለዓመታት በኩባዎች ድምፅ ሲመረጡ የኖሩት? ኮሚቴ አቋቁመው ራሳቸው ሃቫና ሄዱና፣ በስፔኑ ገዢ በጎ ፈቃድ፣ ስፔናውያኑን በመርከብ ይዘው ተመለሱ። በጥር 1894 ማለት ነው። ያኔ ማርቲ «ፓትሪያ» በሚባለው ጋዜጣው ላይ «ወደ ኩባ!» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ያሳደግናት ከተማ ካደችን፣ ከአገራችን ሌላ አገር የለንም የሚል መንፈስ ነው ያለው። ሆራሺዮ ሩበንስ የሚባል የኒው ዮርክ ጠበቃ ሠራተኛን በውል ከውጭ ማስገባት የሚከለክለውን የአሜሪካ ሕግ ይዞ ተሟገተላቸው።

የኪዮስኩ ልጅ፣ ያንተ «የዛፉ ሥር» እዚህ ላይ ተነቀለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከንቲባም ምክር ቤትም ነበራቸው፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሲቆጣ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ምንም እንዳልነበራቸው ታየ። ከዚያ በኋላ ነው ብዙዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ታምፓ የሄዱት፣ ፊጌሬዶም ከነሱ ጋር።

የኪዮስኩ ልጅ
ኧረ አንተ ሰውዬ! እሺ፣ ይሄ ገባኝ። እና ግን ቀጥሎ ምን እንደሆነ ተመልከት። ዌስት ታምፓ ያኔ ገና አሸዋና ዛፍ ናት። ሂዩ ማክፋርሌን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ጠበቃ መሬቱን ይዞ በ1892 ፋብሪካ እየጠራ ከተማ መመሥረት ጀመረ። ኩባዎቹ መጡ። በ1895 ማዘጋጃ ቤት ሆነች። ከኪ ዌስት ተከድቶ የመጣ ሕዝብ የመጀመሪያ ከንቲባ አድርጎ ማንን መረጠ? ባራጉዋ ላይ የነበረውን ሰው። በድሮ ከተማቸው እንግዳ ሆነው ድምፅ ሰጡ፣ እዚህ ግን ከተማዋን ራሷን ከዜሮ እነሱ አቆሙ። እኔ ይሄን ሥልጣን መውደድ አልለውም፣ የተነከሰ ሰው ልጥ ሲያይ መደንገጡ ነው የምለው። ሁለተኛ ማንም በላያችን መርከብ ጭኖ እንዳይመጣብን ማለት ነው።

ደሴተኛዋ
እና ደግሞ ከንቲባው እንጀራው ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ፋብሪካ ሒሳብ ያዥ ነበር። ቀን የሲጋራ ሒሳብ፣ ማታ የማዘጋጃ ቤት ስብሰባ፣ በመሐል የማርቲ የኩባ አብዮታዊ ፓርቲ ገንዘብና መልእክት። ጋሽ ቁጥብ፣ ወንበሩ ያን ያህል የሚሞቅ አይመስለኝም።

ጋሽ ቁጥብ
እሺ ልጄ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሒሳብ ያዥ መሆኑን አላውቅም ነበር። ግን አሁንም ጎሜዝ 58 ዓመቱ ነበር።

አዜብ ነኝ
ሁላችሁም ወንዶቹንና ወንበሩን ይዛችሁ ተጣበቃችሁ። እኔ የሹፌሩ መልእክት ላይ ነው የቀረሁት። ፓውሊና ፔድሮሶ። ማርቲ በኅዳር 1891 ታምፓ ላይ «ከሁሉም ጋር፣ ለሁሉም ጥቅም» ብሎ ተናገረ። «ሁሉም» ሲል ጥቁሩንም ነው። ጦሩ ውስጥም ማሴዮን የመሰለ ሰው አለ። ግን ፍሎሪዳ እኮ በ1889 ለመምረጥ ግብር ክፈል የሚል ሕግ ያወጣች፣ ጥቁሩን ከምርጫ ያባረረች ክልል ናት። ፊጌሬዶና ጓደኞቹ ነጭ ኩባዊ በመሆናቸው በር ይከፈትላቸዋል፣ ለሩፔርቶ ፔድሮሶ ግን ማን ይከፍትለታል? ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በኢቦር ሲቲ ነጭና ጥቁር ኩባዎች በአንድ ማኅበር መቀጠል አልቻሉም። ጥቁሮቹ በ1900 የራሳቸውን አቋቋሙ፣ የማርቲና የማሴዮን ስም አንድ ላይ አድርገው ሰየሙት። ስሙ ላይ ነጩና ጥቁሩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አዳራሹ ውስጥ ግን አልሆነም። የአካባቢ ፖለቲካ ውስጥ መግባት ማለት የአካባቢውን ኃጢአትም መውረስ ነው፣ ይሄን እንደ ዋጋ ቁጠሩት።

ሰባተኛው ወንበር
አዜብ ልክ ነሽ፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። አንዲት ነገር ብቻ፣ ኪ ዌስት ያለው ሳን ካርሎስ፣ ስደተኞቹ በ1871 ያቋቋሙት ትምህርት ቤትና አዳራሽ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ክፍል ያስተምር ነበር። በ1886ቱ ትልቅ ቃጠሎ ነደደ፣ እንደገና ሠሩት። በ1919 ማዕበል አፈረሰው፣ እንደገና ሠሩት። ዛሬም ዱቫል ጎዳና ላይ ቆሟል። ስለዚህ ይችሉ ነበር ማለት ነው፣ ሳይችሉ ቀርተው አይደለም።

የታምፓ ሹፌር
እና መጨረሻው ምን ሆነ ሰውየው? ኩባ ተመለሰ?

የኪዮስኩ ልጅ
ተመለሰ። 1898 አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች፣ ስፔን ወጣች፣ አሜሪካም ቆየት አለች። ግንቦት 20 ቀን 1902 ሪፐብሊኩ ታወጀ። የፕላት ማሻሻያ የሚባለው ሕግ ለአሜሪካ ጣልቃ የመግባት መብት ሰጥቶ አንገቷ ላይ እንደታሰረ ነው እንግዲህ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኤስትራዳ ፓልማም ኒው ዮርክ አካባቢ በስደት የኖረ ሰው ነው። ፊጌሬዶ የሪፐብሊኩ ዋና ገንዘብ ያዥ ሆነ። ከሲጋራ ሠራተኛ ሳንቲም እየተለቀመ የተሰበሰበውን ትግል ያየ ሰው፣ የካዝናው ቁልፍ ለሱ ተሰጠ። በ1929 ሃቫና ላይ ሞተ።

ሰነድ ፈላጊ
ዌስት ታምፓ ደግሞ በ1925 ከታምፓ ጋር ተዋሐደች፣ ማዘጋጃ ቤትነቷ ቀረ። ከንቲባ የሆነባት ከተማ ከሱ አራት ዓመት ቀድማ ሞተች ማለት ነው።

ጋሽ ቁጥብ
ይሄ የመጨረሻው ነገር አሳዘነኝ። ሹፌሩ፣ በዚያ ስታልፍ ኦሃሎራን የነበረበትን ቦታ ጠይቅና ፎቶ ላክልን። አልተረታሁም፣ ፎቶውን ማየት ፈልጌ ነው።

የታምፓ ሹፌር
እሺ ጋሼ፣ እሑድ ሥራ ቀዝቀዝ ይላል፣ ያኔ።